«የቸኮሌት ጦርነት»፤ በት/ቤት ውስጥ ስላለ ጉልበተኝነት ምን ያስተምረናል?



በንባብ ክፍላችን በቅርቡ ውይይት ከተደረገባቸው መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ኮርሚየር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው «የቸኮሌት ጦርነት» የተባለው ልብ ወለድ ነበር። መጽሐፉ በአንድ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ ስለ ተፈጸመ ጉልበተኝነትና ዱላ ይናገራል። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያነበቡት ታሪኩን ተርከው ሲጨርሱ ከመካከላችን አንዱ፥ «ደጉ ልጅ ተደብድቦ በቃሬዛ፥ ክፉዎቹ እየሣቁ በእግራቸው የሚሄዱበትን መጽሐፍ ማንበብ ለወጣት ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ አነሣ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነና በዚያ ቀን በቂ መልስ ስላላገኘ፥ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ላልሰሙት በአጭሩ ካቀረብን በኋላ መልሱን አብረን እንፈልጋለን።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። በት/ቤት ውስጥ ጉልበተኛውን ጉልበተኛ የሚያደርገው ክንዱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የብዙዎች ዝምታ ነው። ያም ዝምታ አንድ ጀግና ብቻውን በመቆሙ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ጊዜው ሳያልፍ ከጎኑ ሲቆሙ ነው።

፩. ጉልበተኝነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልጆች ይጣላሉ፤ ይታረቃሉም። ሁለት እኩዮች በኳስ ሜዳ ተናንቀው በማግሥቱ አብረው ቢጫወቱ ያ ጠብ እንጂ ጉልበተኝነት አይባልም። በኖርዌይ አገር በበርገን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውና ይህን ጉዳይ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያጠናው ዳን ኦልቬውስ ለጉልበተኝነት ሦስት ምልክቶችን ሰጥቶታል። አንደኛ፥ ሆን ተብሎ ሌላውን ለመጉዳት የሚደረግ ነው። ሁለተኛ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ አያልፍም፤ ይደጋገማል። ሦስተኛ፥ በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል ልዩነት ስላለ ተጠቂው ራሱን ለመከላከል ይቸገራል።

የኃይል ልዩነት ሲባል የጡንቻ ብቻ እንዳይመስለን። አንዱ ብዙ ወዳጅ ያለው ሌላው ብቸኛ፥ አንዱ የድሮ ተማሪ ሌላው አዲስ ገቢ፥ አንዱ ምላሰኛ ሌላው አፋር ሲሆን የኃይል ልዩነት አለ። ዱላ የማይታይበት ጉልበተኝነትም ብዙ ነው። ቅጽል ስም ማውጣት፥ ከማዕድ መለየት፥ ወሬ መንዛት፥ ሰው ሲናገር እንዳልሰሙ ማለፍ ሁሉ ከዚያው ይቈጠራሉ። ወደ ፊት እንደምናየው የኮርሚየር መጽሐፍ እነዚህን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ሰብስቦ ያሳየናል።

፪. ስለ ደራሲውና ስለ መጽሐፉ አነሣሥ

ሮበርት ኮርሚየር እ.ኤ.አ. በ1925 በማሳቹሴትስ ግዛት ሌሚንስተር በምትባል ከተማ ተወልዶ፥ ለብዙ ዓመታት በጋዜጠኝነት ሠርቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2000 ዐረፈ። የመጽሐፉ መነሻ በገዛ ቤቱ የሆነ ነገር ነው። ልጁ የሚማርበት የካቶሊክ ት/ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ተማሪዎቹ ቸኮሌት እንዲሸጡ ያደርግ ነበር። ልጁ መሸጥ እንደማይፈልግ ለአባቱ ነገረው፤ አባቱም ውሳኔውን ደገፈለት። ልጁ ቸኮሌቱን መለሰ። በልጁ ላይ ምንም አልደረሰበትም። የደራሲው አእምሮ ግን «ቢደርስበት ኖሮስ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ልብ ወለዱ የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ በርካታ አሳታሚዎች አንቀበልም አሉት። ከምክንያቶቻቸው ዋነኛው የታሪኩ መጨረሻ ለወጣቶች እጅግ ጨለማ ነው የሚል ነበር። ኮርሚየር ግን መጨረሻውን ለመለወጥ ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። በኋላም መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ለወጣቶች ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል በብዛት ከሚነበቡትና በብዛት ከሚከራከሩባቸው አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1985 ተከታዩን ክፍል ጽፎለታል።

፫. ታሪኩ በአጭሩ

ጄሪ ሬኖ ትሪኒቲ በሚባል የካቶሊክ ት/ቤት የገባ አዲስ ተማሪ ነው። እናቱ በነቀርሳ ሕመም ከሞተች ብዙ ጊዜ አልሆነም። አባቱ በመድኃኒት ቤት የሚሠራ፥ ከሐዘኑ የተነሣ ደንዝዞ የሚኖር ሰው ነው። ጄሪ በአሜሪካ ስልት በሚጫወቱት የእግር ኳስ ቡድን ለመግባት ይታገላል፤ ትልልቆቹ ይጥሉታል፥ እርሱም ይነሣል። በት/ቤቱ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አንድ ሰው በባሕር ዳር ብቻውን ሲሄድ የሚያሳይ ሥዕል ለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር ስለ ድፍረት የሚጠይቅ ቃል ተጽፏል፤ ጄሪም ትርጉሙን በደንብ ሳይረዳው ይወደዋል።

በትሪኒቲ ቪጂልስ የሚባል የተማሪዎች የምሥጢር ማኅበር አለ። መምህራኑ መኖሩን ያውቃሉ፤ ግን ጸጥታ ስለሚያስከብርላቸው እንዳላወቁ ይሆናሉ። የማኅበሩ አንጎል አርቺ ኮስቴሎ ነው። የአርቺ ሥራ ለሌሎች ተማሪዎች «ተልእኮ» ማውጣት ነው። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ጉበር የተባለውን የጄሪን ጓደኛ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ብሎን በሌሊት እንዲፈታ ያዝዘዋል። በማግሥቱ ክፍሉ በተማሪዎቹና በመምህሩ ላይ ይፈራርሳል። ደጉ መምህር ብራዘር ዩጂን በዚህ የተነሣ መንፈሱ ተሰብሮ ወደ ክፍል ሳይመለስ ይቀራል። የሣቁት ብዙዎች ነበሩ፤ ሲያለቅስ ያዩት መምህር ግን ከጉበር ልብ አልጠፋም።

የት/ቤቱ ዋና ኃላፊ ታምሞ ሆስፒታል ስለ ገባ ምክትሉ ብራዘር ሊዮን ቦታውን ይዟል። ሊዮን ከሥልጣኑ በላይ በሆነ ገንዘብ 20,000 ፓኮ ቸኮሌት ይገዛል። ተማሪዎቹ 400 ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 50 ፓኮ ይደርሰዋል፤ የአንዱም ዋጋ 2 ዶላር ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪ ድርሻ 25 ፓኮ፥ ዋጋውም 1 ዶላር ነበር። እንግዲህ የቸኮሌቱም ብዛት የዋጋውም ልክ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ሊዮን ሽያጩ እንዳይወድቅ ስለ ፈራ አርቺን ለብቻው ጠርቶ የማኅበሩን እርዳታ ይጠይቃል። አርቺም ለጄሪ ተልእኮ ያወጣል፦ «ለ10 ቀን ቸኮሌት አልሸጥም በል፤ ከዚያ በኋላ ትቀበላለህ።»

ጄሪ ለ10 ቀን ስሙ በተጠራ ቍጥር አልሸጥም ይላል። በ11ኛው ቀን ሁሉም እሺ እንዲል ሲጠብቁት እንደገና አልሸጥም አለ። በዚህ ጊዜ የማንም ትእዛዝ ሳይሆን የራሱ ቃል ሆነ። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም በግልጽ ማስረዳት አይችልም። በመጀመሪያ አንዳንድ ተማሪዎች አደነቁት፤ በየአውቶቡሱና በየኮሪደሩ ጎበዝ ይሉት ጀመር። ሽያጩም ወረደ። ሊዮን ግን አርቺን አስጨነቀው፤ ማኅበሩም ሽያጩን የክብር ነገር አደረገው። ቸኮሌት መሸጥ የት/ቤት ፍቅር፥ አለመሸጥ ክህደት ተባለ። ትናንት ያደነቁት ዛሬ ጠሉት።

ከዚያ በኋላ የደረሰበትን በተራ እንቈጥረው። ሌሊት ስልኩ ይጮኻል፤ ሲያነሣው ሣቅ ብቻ ይሰማል። የዕቃ ማስቀመጫው ተሰብሮ የሚወደው ሥዕል ይበላሻል። በኳስ ሜዳ ሆን ብለው ይጥሉታል። ኤሚል ጃንዛ የተባለው የት/ቤቱ ጉልበተኛ ሕፃናት አስከትሎ በቡድን ይደበድበዋል። ከዚያ ደግሞ ከዱላ የከፋ ነገር ይመጣል፤ ማንም እንደማያየው ይሆናሉ። በመንገዱ ሲያልፍ ዓይናቸውን ያነሣሉ፥ የሌለ ያህል ይቈጥሩታል።

በመጨረሻም አርቺ ጄሪንና ጃንዛን በሌሊት በኳስ ሜዳው ላይ ያጋጥማቸዋል። ተማሪዎቹ ትኬት ገዝተው፥ ማን ማንን የት እንዲመታ ይጽፋሉ። ትኬቱ ሲነበብ ተመቺው መከላከል አይፈቀድለትም፤ ቆሞ ይቀበላል። ጄሪ አንድ ጊዜ ጃንዛን በኃይል ሲመታው ጥቂት ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ግን ራሱም ከእነርሱ እንደ አንዱ መሆኑን ተረድቶ ከቡጢው ሁሉ ይልቅ ይህ ያመዋል። ጨዋታው ከሥርዓት ወጥቶ ጃንዛ ያለ ልክ ይደበድበዋል። ብራዘር ዣክ መብራቱን እስኪያጠፋው ድረስ ማንም አላስቆመም። ብራዘር ሊዮን ግን ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር። መንጋጋው የተሰበረው ጄሪ በጉበር ክንድ ላይ ተጋድሞ አንድ ነገር ሊነግረው ይፈልጋል፤ ድምፁ ግን አይወጣም። ሊል የፈለገው፥ ያሉህን አድርግ፥ ሽጥ ሲሉህ ሽጥ፥ ዓለምን ለመለወጥ አትሞክር የሚል ነበር።

፬. ጉልበተኝነት በስንት እግር ይቆማል?

ይህን ታሪክ ስናነብ «ጄሪን የመታው ማን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ወዲያው «ጃንዛ» እንላለን። ደራሲው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያሳየናል። የጄሪ ጥቃት በአራት እግር የቆመ ነው።

ሀ. እጁን ሳያቆሽሽ የሚያዝዘው። አርቺ በመጽሐፉ ውስጥ በገዛ እጁ ማንንም አይመታም፤ ዱላም ይጸየፋል። የእርሱ መሣሪያ የሰውን ድካም ማወቅ ነው። ጃንዛን እንኳ የሚያሠራው አሳፋሪ ፎቶግራፍ አንሥቼሃለሁ እያለ በማስፈራራት ነው። የሚያስገርመው ግን በካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም! ጉልበተኛው ጃንዛ ራሱ በሌለ ፎቶግራፍ ታስሮ የሚኖር ባሪያ ነው። እጁን ታጥቦ ሌላውን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ንጹሕ እንደማይሆን ከጲላጦስ ታሪክ የምናውቀው ነው።

ለ. የሚመታው። ጃንዛ ሌሎች ሲፈሩት ደስ የሚለው ልጅ ነው። ነገር ግን ብቻውን ቢሆን ኖሮ የአንድ መንደር ባለጌ ሆኖ ይቀር ነበር። ሥራ የሰጠው፥ ሜዳ ያዘጋጀለትና ተመልካች የሰበሰበለት ሌላ ነው።

ሐ. ከላይ ያለው። ብራዘር ሊዮን የመንፈሳዊ ት/ቤት ኃላፊ፥ የተማሪ አባት ሊሆን የሚገባው ሰው ነው። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ቤይሊ የተባለውን ጎበዝ ተማሪ አስነሥቶ፥ ሁልጊዜ ሙሉ ውጤት የምታገኘው ብትሰርቅ ነው እያለ ያዋርደዋል፤ በመምህር ዘንግም ፊቱን ይመታዋል። ልጁ አልሰረቅሁም ይላል። ክፍሉ ገሚሱ ይሥቃል፥ ገሚሱ ዝም ይላል። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ድምፅ ከወደ ኋላ ልጁን ተወው ይላል። በዚህ ጊዜ ሊዮን ወደ ክፍሉ ዞሮ፥ ይህ ሁሉ ፈተና ነበር፤ ንጹሕ መሆኑን እያወቃችሁ ዝም አላችሁ፥ እንደ ናዚ ጀርመን ሆናችሁ ብሎ ይወቅሳቸዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሊዮን ነቀፋ እውነት ነው፤ ክፍሉ በእርግጥ ዝም ብሏል። ይሁን እንጂ እውነቱን የተናገረው ለማረም ሳይሆን ለመግዛት ነው። ልጆቹም የተማሩት ለተጠቃ መቆምን አይደለም፤ ይህን ሰው መፍራትን ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ጥቃቱ የሚጠቅመው ከሆነ ከታች ያሉት ጉልበተኞች ፈቃድ እንደ ተሰጣቸው ይቈጥራሉ። ትሪኒቲ ውስጥ ቸኮሌቱ መሸጡ እስከ ተፈለገ ድረስ የጄሪ መንጋጋ የማንም ጉዳይ አልሆነም።

መ. ተመልካቹ። ከ400 ተማሪ መካከል ክፉ ተብለው በስም የሚጠሩት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሌሎቹ ተራ ልጆች ናቸው። ለሽያጩ ደንታ ያልነበራቸው፥ ጄሪንም በግል የማያውቁት ይበዛሉ። ግን ትኬት ገዙ። አንዱ ትኬት አንድ ቡጢ ነው። እያንዳንዱ «እኔ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍኩት» ሊል ይችላል፤ የሁሉም መስመር ሲደመር ግን አንድ ልጅ ለሞት ይቀርባል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ምሳር ያነሣው ሁሉ ዛፉን የጣልኩት እኔ አይደለሁም ይላል።

ማኅበሩ አንድ ሥርዓት ነበረው። በጥቁር ሣጥን ውስጥ ስድስት ብይ ይቀመጣሉ፤ አምስቱ ነጭ፥ አንዱ ጥቁር። አርቺ ተልእኮ በሰጠ ቍጥር ከሣጥኑ አንድ ብይ ያወጣል፤ ጥቁሩ ቢወጣ ለሌላው ያወጣውን ተልእኮ ራሱ ይፈጽመዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁሩ አይወጣበትም። ደራሲው በዚህ የሚነግረን ይመስለኛል፤ ክፉ ሰው በዕድል ይያዛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የሚያስቆመው ሰው ከሌለ ነጩ ብይ ሁልጊዜ ሊወጣለት ይችላል።

፭. የዘገየ ወዳጅነት

ከባለታሪኮቹ ሁሉ ለእኛ ለወጣቶች የሚቀርበን ጄሪ ሳይሆን ጉበር ነው። ጉበር መልካም ልጅ ነው። ሩጫ ይወዳል፥ ጄሪንም ከልቡ ይወደዋል። በትሪኒቲ አንድ የበሰበሰ ነገር እንዳለ ከሁሉ በፊት የተረዳው እርሱ ነው። ለጄሪም ሲል 27 ፓኮ ሸጦ አቆመ። ግን ይህን ያደረገው በልቡ እንጂ በአደባባይ አይደለም። ማኅበሩም በሰሌዳው ላይ ከስሙ አጠገብ 50 ብሎ ጻፈበት፤ ተማሪውም አጨበጨበ። ጉበር ውሸት መሆኑን ያውቃል። ጮኾ ሊናገር ይችል ነበር፤ ዝም ብሎ ወጣ። ጄሪ ሲደበደብም በቤቱ ነበረ። ወደ ሜዳው የመጣው በመጨረሻው ሌሊት፥ የተሰበረውን ጓደኛውን ለማቀፍ ብቻ ነው።

ይህ ከዮሴፍ ታሪክ ውስጥ ሮቤልን ያስታውሰናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እንደምናነበው ሮቤል ዮሴፍን ለማዳን አስቦ ነበር። ነገር ግን ወንድሞቹን በግልጽ አልተቃወመም፤ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል ብሎ፥ በኋላ በስውር አውጥቶ ለአባቱ ሊመልሰው አሰበ። ሲመለስ ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ ዮሴፍ ተሸጧል። የሮቤል ሐሳብ መልካም ነበር፤ ግን ለብቻውና በምሥጢር የያዘው መልካም ሐሳብ ጊዜ አልጠበቀለትም። የጉበርም ነገር እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ ጉበርን አይሳደብም፤ ሆኖም አንባቢው ገጹን እየገለጠ «አሁን ተናገር፥ አሁን ተናገር» እንዲል ያደርገዋል።

፮. እንግዲህ መጨረሻው ተስፋ ያስቆርጣል?

ብዙዎች እንዲህ ብለዋል። በአሜሪካ ወላጆችና ሌሎች ሰዎች ከት/ቤትና ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጡ ከጠየቁባቸው መጻሕፍት መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 በቀዳሚነት የተመዘገበው ይኸው ነው። ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ ግፉ ሲሆን፥ ሌላው በውስጡ ያለው የብልግና ንግግር ነው። በርግጥ ወጣቶቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋና ሐሳብ አንዳንድ ቦታ ያሳፍራል፤ መጽሐፉ ለሕፃናት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊልም ሲሠራ ደግሞ መጨረሻው ተለውጧል፤ ጥቁሩ ብይ ወጥቶ አርቺ ራሱ ወደ ሜዳ ይገባል። ተመልካች ይህን ሲያይ ቅር አይሰኝም፤ ዳኛው ብይ ሆኗልና።

እኔ ግን የመጽሐፉ መጨረሻ የሚሻል ይመስለኛል። ምክንያቱም ጄሪ ያሸነፈ እንደሆነ አንባቢው መጽሐፉን ከድኖ ይተኛል። ጄሪ ሲሸነፍ ግን አንባቢው «ማን ምን ቢያደርግ ኖሮ ይድን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ለማግኘት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ጄሪ የተሸነፈው በሌሊቱ ሜዳ ላይ እንዳልሆነ ይገነዘባል። የተሸነፈው ቀደም ብሎ፥ ስሙ ሲጠራ አልሸጥም ባለበትና ሌላ ሁለተኛ ድምፅ ባልተሰማበት ጥዋት ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋው ትንሽ ነበር። ሽያጩም ወርዶ፥ ብዙዎች በልባቸው ከጄሪ ጋር ነበሩ። አምስት ልጆች እኛም አንሸጥም ቢሉ ማኅበሩ አምስቱን ሁሉ ማግለል ይቸግረው ነበር። ጥቃት ሲጀምር የአንድ ሰው ቃል ያስቆመዋል፤ ሲያድግ ግን ብዙ ቃል፥ ሲጎለምስ ደግሞ ቃሬዛ ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። የጉልበተኛ ድል የሰውን መንጋጋ መስበሩ አይደለም፤ አጥንት ይጠገናል። ድሉ ጄሪ በመጨረሻ ለጉበር ሊነግረው የፈለገው ቃል ነው። የተጠቃ ሰው «ዝም በል፥ እንደ እነርሱ ሁን» ብሎ ሌላውን መምከር ሲጀምር ጉልበተኛው ያለ ደመወዝ የሚሠራለት መምህር አገኘ ማለት ነው። በየቤታችንም «ተወው፥ አንተን ካልነካህ ምን አገባህ» የሚለው ምክር ከየት እንደ ተወለደ ብንመረምር፥ ብዙ ጊዜ መካሪው አንድ ቀን ብቻውን ቆሞ የተጎዳ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን።

፯. በእውነተኛው ዓለም የሚታየው

ይህ የልብ ወለድ ሐሳብ ብቻ አለመሆኑን ሁለት ጥናቶች ያሳዩናል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፥ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ልጆች በት/ቤት ሜዳ ሲጫወቱ በካሜራና በድምፅ መቅጃ የተጠናቀረ ጥናት ነው። ጉልበተኝነት ከታየባቸው ጊዜያት በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ከመካከላቸው ጣልቃ የገባ የተገኘው በ19 በመቶው ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ፥ ማለት በ57 በመቶው፥ ጥቃቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። 10 ሴኮንድ! እስኪ ይህን ከትሪኒቲ ሜዳ ጋር እናስተያየው።

ሁለተኛው ከላይ የጠቀስነው የኦልቬውስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በኖርዌይ ሦስት ወጣት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ መንስኤውም የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንዳልቀረ ታመነ። መንግሥት በ1983 በመላ አገሪቱ ዘመቻ ጀመረ። ኦልቬውስ በበርገን በ42 ት/ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ይዞ በሁለት ዓመት ውስጥ የጥቃቱ መጠን በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ አሳየ። ያደረጉት ነገር ተአምር አልነበረም። በእረፍት ሰዓት መምህራን በሜዳው እንዲገኙ፥ በክፍል ውስጥ ግልጽ ደንብ እንዲኖር፥ ተማሪዎችም ዘወትር ስለ ጉዳዩ እንዲነጋገሩ፥ አጥቂውንም ተጠቂውንም ወላጆቻቸውንም ለየብቻ እንዲያነጋግሩ ተደረገ። ባጭሩ ከላይ ያሉት ዓይናቸውን ገለጡ፤ ከታች ያሉትም አፋቸውን ከፈቱ።

ከእኔም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ትልልቆቹ በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ቀምተው ይበሉበት ነበር። ለመምህር ቢናገር ከበር ውጪ እንደሚጠብቁት ያውቃል። ከክፍሉ ልጆች ሦስቱ፥ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ፥ ተመካክረው በምሳ ሰዓት ከአጠገቡ መቀመጥ ጀመሩ። አልተሳደቡም፥ አልተደባደቡም። ቀሚዎቹ ሲመጡ አራት ምሳ ዕቃ ተከፍቶ አራት ሰው ቀና ብሎ ያያቸዋል። ሁለት ቀን ቆመው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን አልመጡም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ምሳሌ ስለዚህ የተነገረ ይመስላል። የጄሪም 50 ፓኮ ለአንድ ሰው ሸክም ሆኖ ነው የቀረው።

፰. ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእኛ የሚሆነውን በአጭሩ እንዲህ ማጠቃለል ይቻላል።

1. ቶሎ እንነሣ። ቀልድ ነው እየተባለ የተጀመረው የተቀለደበትን ልጅ ካላሣቀው ቀልድ አይደለም። ሳንሥቅ መቅረት ራሱ የመጀመሪያው ድምፅ ነው።

2. ብቻችንን ከመነሣት አስቀድመን እንመካከር። ጄሪን የጎዳው ድፍረት ማጣት ሳይሆን ባልንጀራ ማጣት ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ ከተጠቃው ልጅ ጋር መሄድ፥ መቀመጥ፥ መብላት ከዱላ ይበልጣል።

3. ከዱላ እንራቅ። ጄሪ ቡጢውን በሰነዘረባት ደቂቃ ማንነቱን እንዳጣ አንርሳ።

4. ለታላላቅ እንናገር። መናገር ነገር ማመላለስ አይደለም። ነገር የሚያመላልስ ሰው ሌላውን ለማስቀጣት ይናገራል፤ ወንድሙን የሚወድ ግን የተጠቃውን ለማትረፍ ይናገራል። አንዱ መምህር ባይሰማን ወደ ሌላው፥ ወደ ወላጅ እንሂድ። ከትሪኒቲ መምህራን መካከልም መብራቱን ያጠፋ አንድ ሰው ነበረና።

5. ስልካችንን እንጠብቅ። በጄሪ ዘመን በሌሊት የሚጮኸው ስልክ በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነበር፤ ዛሬ በየኪሳችን ገብቷል። አሳፋሪ ፎቶግራፍ ወይም ስድብ ሲደርሰን ለሌላው ማስተላለፍ ማለት ትኬት መግዛት ማለት ነው። ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ይቁም።

6. አጥቂውንም አንጣለው። ጃንዛም በሌላው እጅ የተያዘ ልጅ ነበር። የሚገሥጸውና የሚያቀርበው ሰው ቢያገኝ ሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር።

ትሪኒቲ ጸሎት የሚደረግበት ት/ቤት ነበር። ይህ ግን ጄሪን አላዳነውም። በመንፈሳዊ ቤት ውስጥ መሰብሰብ ብቻውን የዋህ አያደርግም፤ የተሰበሰቡት እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ሳምንት ወደየት/ቤታችን ስንመለስ በክፍላችን ውስጥ ብቻውን የሚቀመጠው፥ ስሙ ሲጠራ የሚሣቅበት ማን እንደ ሆነ እንመልከት። እስካሁን ስሙን በትክክል ካልያዝነው ከዚያ እንጀምር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በታሪኩ ውስጥ ጄሪን ለማዳን የመጨረሻው ምቹ ጊዜ የቱ ነበር ትላላችሁ? ማንስ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ለ. የብራዘር ሊዮን ተግሣጽ እውነት ሆኖ ሳለ ለምን ፍሬ አላፈራም?

ሐ. ጉበር ሰሌዳው ላይ 50 ተብሎ ሲጻፍበት በግልጽ ቢቃወም ምን ይደርስበት ነበር? ምንስ ይለወጥ ነበር?

መ. «ካልነካህ ምን አገባህ» ለሚል ሰው በፍቅርና በአክብሮት ምን መልስ ትሰጣላችሁ?